ፊደልን ማጉላትና ፊደልን መለጠጥ፤ በኮምፒዩተር ለሚዘጋጁ የትምህርት መርጃዎች

መግቢያ

የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች አዘገጃጀት ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ መልኩን ለውጧል። ቀድሞ በካርቶን ላይ በብሩሽና በቀለም ይጻፍ የነበረው የፊደል ገበታ፣ በስቴንስል ተመትቶ በማባዣ መኪና ይባዛ የነበረው የፈተና ወረቀት፣ ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶች በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ የሚታተም ሆኗል። ይህ ለውጥ ለመምህሩ ብዙ ድካም አቃሎለታል። ነገር ግን ከቀለምና ከብሩሽ ጋር ያልነበረ አንድ አዲስ ችግር ይዞ መጥቷል። ይኸውም ማንኛውም ሰው ማውስ ይዞ የፊደልን ቅርጽ በፈለገው አቅጣጫ ለመሳብ መቻሉ ነው።

ርእሱ ከወረቀቱ ስፋት ጋር እንዲመጣጠን ወደ ጎን ሲሳብ፣ ጥያቄዎቹ በአንድ ገጽ እንዲያልቁ ወደ ታች ሲጨፈለቁ፣ አዘጋጁ የሚያየው ቦታው መሙላቱን ወይም መብቃቱን ነው። ፊደሉ ምን እንደሆነ ግን እምብዛም አይመረመርም። ማንበብ ለሚችል ሰው ይህ ትንሽ ጉድለት ይመስላል፤ የተበላሸውን ፊደል ከቃሉ ትርጉም ተነሥቶ ያቃናዋልና። ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ሕፃን ግን ከፊደሉ ቅርጽ በቀር ሌላ መሪ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ያሉ ብዙ ሕፃናት በሚጠበቀው ደረጃ እንደማያነቡ አሳይቷል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ እንደሆነ አያጠራጥርም። ሆኖም ለሕፃኑ የሚቀርብለት ፊደል ጥራት ያለ ተጨማሪ ወጪ በመምህሩ እጅ ሊስተካከል ከሚችሉት ነገሮች አንዱ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፊደልን ማጉላትና ፊደልን መለጠጥ በምን እንደሚለያዩ፣ መለጠጥ በተለይ የግዕዝን ፊደል ለምን እንደሚጎዳ፣ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ለማስረዳት ይሞከራል።

1. የፊደላችን ጠባይ

በላቲን ፊደል አናባቢው ራሱን የቻለ ሆሄ ሆኖ ከተነባቢው ጎን ይጻፋል። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው የሚታወቀው በተነባቢው አካል ላይ በሚደረግ ትንሽ ለውጥ ነው። የ«በ»ን ቤት ብንመለከት፣ ካዕቡ «ቡ» በቀኝ እግሩ መካከል ጭረት ይጨምራል፤ ሣልሱ «ቢ» ጭረቱን ወደ እግሩ ጫፍ ያወርደዋል፤ ኃምሱ «ቤ» በጭረቱ ፈንታ ቀለበት ያደርጋል። ራብዑ «ባ» የቀኙ እግር ከግራው ሲረዝም፣ ሳብዑ «ቦ» ደግሞ የግራው እግር ከቀኙ ሲረዝም የሚገኝ ነው። እንግዲህ ከሰባቱ ድምፆች መካከል ሁለቱን ከግዕዙ የሚለያቸው የእግር ርዝመት ብቻ ነው ማለት ነው።

ለማስረዳት ያህል በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን የአምበርን ስም እንውሰድ። «አምበር» ብለን በጻፍነው ቃል ውስጥ ሦስተኛው ሆሄ ሁለት እኩል እግሮች አሉት። ከሁለቱ የግራው ቢያጥር ቃሉ «አምባር» ይሆናል፤ የከተማዪቱ ስም ቀርቶ የእጅ ጌጥ ይነበባል። እንዲሁም «ለም» እና «ላም»፣ «በላ» እና «ባላ» የሚባሉት ቃላት የሚለያዩት በአንድ እግር ርዝመት ነው። በጎጃም ደጋ የሚኖር ሕፃን ዘወትር የሚያየው የ«ጤፍ» ስም ቢሆን የ«ጤ» ቀለበት በቀለም ከተደፈነ «ጢፍ» ወደሚል ትርጉም የሌለው ንባብ ይለወጣል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። «ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ» የሚባሉት ሆሄያት ከ«ሰ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ዘ፣ ደ» የሚለዩት ከራሳቸው በላይ ባለው አግድም መስመር ነው። በቁም ጽሕፈት ልማድ ደግሞ ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግድሙ መስመር ቀጭን ነው። ስለዚህ ብዙ ቁም ነገር የተሸከመው መስመር ከሁሉ የቀጠነው መስመር ሆኖ ይገኛል።

2. ማጉላት፣ መለጠጥና መጨፍለቅ

በዚህ ጽሑፍ «ማጉላት» የምንለው የፊደሉ ቁመትና ስፋት በእኩል መጠን ሲያድጉ ነው። በእኩል መጠን ሲቀንሱ «ማሳነስ» እንለዋለን። «መለጠጥ» ማለት ከሁለቱ አንዱ ብቻ፣ ወይም አንዱ ከሌላው አብልጦ ሲያድግ ሲሆን፣ «መጨፍለቅ» ደግሞ አንዱ ብቻ ሲቀንስ ነው።

በማጉላት ጊዜ የፊደሉ አካላት ዝምድና አይለወጥም። በመለጠጥ ጊዜ ግን የሚሆነው እንደሚከተለው ነው።

ሀ. ወደ ጎን ሲለጠጥ። የአንድ ፊደል ቋሚ መስመር ውፍረት 4 ሚሊሜትር፣ የአግድሙ 1 ሚሊሜትር ነው እንበል። ፊደሉ ወደ ጎን 150 በመቶ ቢለጠጥ ቋሚው 6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አግድሙ ግን በ1 ሚሊሜትር ውፍረቱ ይቀራል። 4 ለ1 የነበረው ዝምድና 6 ለ1 ይሆናል። ከርቀት ለሚያይ ሰው ወፍራሞቹ እግሮች ጎልተው፣ የሚያገናኛቸው መስመር ግን ደብዝዞ ይታየዋል።

ለ. ከጎን ሲጨፈለቅ። በዚህ ጊዜ የሚጎዱት ወደ ቀኝ የሚወጡት ምልክቶች ናቸው። የካዕብና የሣልስ ጭረት ያጥራል፤ የኃምስ ቀለበት ክብነቱን አጥቶ እንደ ስንጥቅ ይጠባል። ወረቀቱ ሲባዛ ስንጥቁ በቀለም ይሞላና ኃምሱ ከሣልሱ ጋር ይመሳሰላል።

ሐ. ከላይ ወደ ታች ሲጨፈለቅ። እዚህ የሚጎዱት ራብዕና ሳብዕ ናቸው። የ«ባ» ረጅም እግር 15 ሚሊሜትር፣ አጭሩ 10 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ልዩነታቸው 5 ሚሊሜትር ነው። ቁመቱ በግማሽ ሲጨፈለቅ ልዩነቱ 2.5 ሚሊሜትር ይሆናል። የሁለቱ እግሮች ዝምድና በቁጥር አልተለወጠም፤ ዓይን ሊያየው የሚገባው ልዩነት ግን በግማሽ ቀንሷል። ጤናማ ዓይን በ8 ሜትር ርቀት ለይቶ ሊያይ የሚችለው ዝቅተኛ ልዩነት 2.3 ሚሊሜትር ያህል በመሆኑ፣ በክፍሉ ጀርባ ለተቀመጠው ተማሪ «አምባር» እና «አምበር» ለመቀላቀል ተቃርበዋል ማለት ነው። ብርሃን ባነሰበት ክፍል፣ ወይም የዓይን ሕመም ላለበት ልጅ፣ ፈጽመው ይቀላቀላሉ። በዚሁ አኳኋን የ«ኘ» እና የ«ቸ» አግድም መስመር በግማሽ ይቀጥናል።

መ. ወደ ላይ ሲለጠጥ። አግድሙ መስመር ይወፍራል፤ የቋሚው ውፍረት ግን ባለበት ይቆያል። ፊደሉ ቀጭንና ረጅም ይሆናል፤ የቁም ጽሕፈትም መልክ ይጠፋል። ከአራቱ መንገዶች ለንባብ ያለው ጉዳት ያነሰው ይኸኛው ቢሆንም ለጀማሪ አንባቢ የሚመከር አይደለም።

ከዚህ እንደምንገነዘበው እያንዳንዱ የመለጠጥ ዓይነት የሚያጠፋው የታወቀ የፊደል ወገን አለው። ጉዳዩ የውበት ብቻ ሳይሆን የንባብም ነው።

3. ከብርዕ ወደ ኮምፒዩተር

የቀድሞ ጸሐፊዎች ይህን ችግር በሙያቸው ይፈቱት ነበር። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ አስምሮ፣ የፊደሉን ቁመት በመስመሩ ለክቶ ይጽፋል። ቃሉ በመስመሩ መጨረሻ አልበቃ ቢለው ከመካከሉ ከፍሎ የቀሩትን ሆሄያት ወደሚቀጥለው መስመር ያሳልፋቸዋል እንጂ ፊደሉን አያጣምመውም። የዜማ ምልክት በንባቡ ላይ በደቂቅ ጽሕፈት ሲጻፍም ለዚያ የሚስማማ ቀጭን ብርዕ ይቀረጽ ነበር። ትንሹ ፊደል የትልቁ ፊደል ጥላ ሳይሆን ለራሱ መጠን የተጻፈ ፊደል ነበር።

በእርሳስ ፊደል የኅትመት ዘመንም ሥርዓቱ ይኸው ነበር። ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ በሮም ካሳተመበት እ.ኤ.አ. ከ1513 ጀምሮ፣ በአገራችንም እንደ ብርሃንና ሰላም ያሉ ማተሚያ ቤቶች በእርሳስ ፊደል ሲሠሩ በነበሩበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ የፊደል መጠን ለብቻው የተቀረጸና የተቀለጠ ነበር። እርሳስ አይለጠጥም። ርእሱ ሰፋ እንዲል የፈለገ አራሚ ያለው ምርጫ ሌላ መጠን መውሰድ፣ በሆሄያቱ መካከል ክፍተት ማስገባት፣ አለዚያም የርእሱን ቃላት መለወጥ ነበር።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ሁኔታው ጥቂት ተለወጠ። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለአማርኛ ባዘጋጁት መኪና ሁሉንም ሆሄያት በጥቂት ቁልፎች ለማዳረስ ሲባል የአናባቢው ምልክት ለብቻው እየተመታ በፊደሉ ላይ ይቀጠል ነበር። ታላቅ ሥራ ቢሆንም ፊደሉ ለመኪናው ጠባይ መገዛቱን ያሳያል።

ሰፊው የፊደል ማስተማር ሥራ ግን በዚያ ጊዜም በገበታ ነበር የሚካሄደው። የተስፋ ገብረ ሥላሴ የፊደል ገበታ ለብዙ ትውልድ የንባብ በር ሆኗል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሁሉም በዚሁ ፊደል ተጽፈው ነበር። በኩራዝ ብርሃን ለሚማር ጎልማሳ የፊደሉ ጥራት ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚያ ሥራ የተሳተፉ ሁሉ ያውቁታል።

የኮምፒዩተር ፊደል ከእነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1984 ፖስትስክሪፕት፣ በ1991 ደግሞ ትሩታይፕ የተባሉት አሠራሮች ከወጡ ወዲህ፣ አንድ ፊደል የሚቀመጠው ዙሪያውን በሚወስኑ ነጥቦችና በእነርሱ መካከል በሚሳሉ ቀጥታና ጠማማ መስመሮች ሆኗል። መሣሪያው ፊደሉን ሲያጎላ የነጥቦቹን ርቀት በተሰጠው ቁጥር ያበዛል። ከአንዱ ሥዕል ትንሹም ትልቁም ይወጣል። ለአግድሙና ለቁመቱ የተለያየ ቁጥር ከተሰጠው ግን ያለ ተቃውሞ ያንኑ ይፈጽማል። ነጥቦቹን ያባዛል እንጂ የ«ቤ» ቀለበት ክብ መሆን እንዳለበት፣ የ«ኘ» መስመርም መቅጠን እንደሌለበት አያውቅም።

በነጥብና በመስመር ያልተቀመጠ፣ ማለትም እንደ ፎቶግራፍ በፒክሰል የተቀመጠ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። በኤ4 ወረቀት ልክ በ300 ነጥብ በኢንች የተዘጋጀ ሥዕል ወደ ኤ1 ቢጎላ፣ ቁመቱም ስፋቱም 2.83 እጥፍ ስለሚያድግ፣ ጥራቱ ወደ 106 ነጥብ በኢንች ይወርዳል። የፊደሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ስለዚህ ለባነርና ለትልልቅ ገበታ የሚሰጠው ጽሑፍ በጽሑፍነቱ ወይም በመስመር ሥዕልነቱ እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል።

4. በሥራ ላይ

በአምበርም ሆነ በሌላ የገጠር ከተማ የሚገኝ መምህር አዘውትሮ የሚያዘጋጃቸው ሦስት ዓይነት ጽሑፎች ናቸው። እነርሱም የግድግዳ ገበታ፣ የፈተና ወረቀትና ማስታወቂያ ናቸው።

የግድግዳ ገበታ። ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ሄርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣው ሥርዓት መሠረት፣ ጤናማ ዓይን በ8 ሜትር ርቀት ሊለየው የሚችለው የመጨረሻው ትንሽ ሆሄ ቁመቱ 11.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህ የመቻል ጠርዝ ነው እንጂ ለትምህርት የሚበቃ መጠን አይደለም። የእኛ ሆሄያት ምልክታቸው ደቂቅ ስለሆነ ከዚህ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 3.5 ሴንቲሜትር ማድረግ ይበጃል። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው የነጥብ ቁጥር የፊደሉን ትክክለኛ ቁመት እንደማይናገር መዘንጋት አይገባም። አንድ ነጥብ የኢንች 72ኛ ክፍል ቢሆንም፣ የ100 ነጥብ ፊደል ራሱ ከ100 ነጥብ ያጥራል፤ ከፊደሉ በላይና በታች የሚተወው ባዶ ቦታም በቁጥሩ ውስጥ ይገባልና። ስለዚህ አንድ ገጽ አትሞ በማስመሪያ መለካት ከሁሉ የተሻለ ነው።

የፈተና ወረቀት። ወረቀት ለመቆጠብ ሁለት ገጽ በአንድ ኤ4 ላይ ሲታተም ጽሑፉ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። 12 ነጥብ የነበረው 8.5 ነጥብ ያህል ይሆናል። ይህ መለጠጥ ሳይሆን ማሳነስ ነው፤ የፊደሉ ቅርጽ አልተዛባም። ሆኖም በ12 ነጥብ ጽሑፍ እንኳ የኃምሱ ቀለበት ክፍተት ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ፣ ባነሰው መጠን በፎቶ ኮፒ ሲባዛ በቀላሉ ይደፈናል። በዚህ ላይ ጽሑፉ ከጎን ከተጨፈለቀ ተማሪው ጥያቄውን ሳይሆን ፊደሉን ሲፈታ ሰዓቱ ያልቃል። ውጤቱም የዕውቀቱ መለኪያ መሆኑ ይቀራል። ቦታ ሲጠብ ጥያቄውን ማሳጠር፣ ኅዳጉን ማጥበብ ወይም ጽሑፉን በሁለት ዓምድ ማስቀመጥ ይቻላል። ለመጀመሪያ ክፍሎች ግን ወረቀት መጨመር ይሻላል።

ማስታወቂያና ባነር። ርእሱ ከጨርቁ ስፋት ጋር ባይገጥም በሁለት መስመር መክፈል፣ ቃላቱን መቀነስ ወይም በሆሄያቱ መካከል ክፍተት መጨመር ያቃናዋል።

በሶፍትዌሮቹ አጠቃቀም ረገድ የሚከተለው ልብ ሊባል ይገባል። በኮረል ድሮው ጽሑፉን ከማእዘኑ መያዣ መሳብ ያጎላዋል፤ ከጎኑ መያዣ መሳብ ግን ይለጥጠዋል። በኢሉስትሬተር ከማእዘኑ ሲሳብ የሺፍት ቁልፍ፣ በኢንክስኬፕ የኮንትሮል ቁልፍ ካልተያዘ ቁመትና ስፋቱ አብረው አያድጉም። በፎቶሾፕ ከ2019 እትም በፊት ምጣኔን ለመጠበቅ ሺፍት ይያዝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምጣኔው በራሱ የሚጠበቅ ሆኖ ሺፍት ሲያዝ ይፈታል። ስለዚህ የአንዱን ልማድ ወደ ሌላው መውሰድ ያሳስታል። በወርድና በፓወርፖይንት ተራ የጽሑፍ ሳጥን ሲሳብ የሚሰፋው ሳጥኑ እንጂ ፊደሉ አይደለም። ይሁን እንጂ በወርድ የፊደል ማስተካከያ ውስጥ የስፋቱ መቶኛ ከ100 ከተለወጠ ጽሑፉ ይለጠጣል ወይም ይጨፈለቃል። አስቀድሞ የተለጠጠ ጽሑፍ ሲገኝ የአግድሙንም የቁመቱንም መቶኛ ወደ 100 መመለስ ቅርጹን ያድነዋል።

ኮምፒዩተሩ በእጁ የሌለ መምህርም የተለጠጠን ፊደል መርምሮ ሊያገኘው ይችላል። በዚያው የፊደል ቅርጽ ከታተመ ጤናማ ጽሑፍ አንድ «በ» መርጦ ስፋቱንና ቁመቱን ይለካል። ስፋቱ 6 ቁመቱ 8 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 6 ለ8 የ0.75 ምጣኔ ይሰጣል። በገበታው ላይ ያለው «በ» 60 በ80 ከሆነ ጎልቷል፤ 90 በ80 ከሆነ ተለጥጧል። ይህን ለምጣኔ ትምህርት ምሳሌ ማድረግም ይቻላል።

5. ለዕቅድ አውጪዎች

መምህሩ ፊደል የሚለጥጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ምርጫ ስለሌለው ነው። የላቲን ፊደል ተጠቃሚ ጠባብ፣ ሰፊ፣ ወፍራም፣ ቀጭን ተብሎ አስቀድሞ የተነደፈ ቅርጽ ይመርጣል። ብዙዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ግን አንድ ስፋትና አንድ ውፍረት ብቻ አላቸው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የወጣው ኒያላ ለዚህ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። አንድ ውፍረት ብቻ ያለው ፎንት በቁልፍ እንዲወፍር ሲታዘዝ ሶፍትዌሩ ዙሪያውን ያደልበዋል፤ በዚህም የኃምሱ ቀለበት ይደፈናል።

ሆኖም ምርጫው ከቀድሞው ሰፍቷል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ ወዲህ አንዱ ፎንት በሌላው ሊተካ የሚችልበት መንገድ ተከፍቷል። በነጻ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በዘጠኝ ውፍረትና በአራት ስፋት ተዘጋጅቷል። ጠባቡ ዓይነት ሲነደፍ የቋሚው መስመር ውፍረትና የቀለበቱ ክፍተት እንደገና ስለተስተካከለ ከተጨፈለቀ ፊደል ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ሲከፋፈል እነዚህን ፎንቶች አብሮ መጫን፣ ለመጽሐፍ አዘጋጆችና ለአሳታሚዎች በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ ለየክፍሉ ዝቅተኛውን የፊደል መጠን በሚሊሜትር መወሰን፣ ፊደልን መለጠጥንም መከልከል፣ በመምህራን ማሠልጠኛም ለዚህ ጉዳይ ጥቂት ሰዓት መመደብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተገለጠው በግዕዝ ፊደል የአናባቢው ድምፅ ያለው በእግር ርዝመት፣ በአንዲት ጭረትና በአንዲት ቀለበት ላይ ነው። ማጉላት እነዚህን ለዓይን ያቀርባቸዋል፤ መለጠጥና መጨፍለቅ ግን አንዱን ሲያገዝፉ ሌላውን ያጠፉታል። ከዚህ የተነሣ መምህራን ሊይዙት የሚገባው ደንብ አጭር ነው። ጽሑፉ ከቦታው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ቦታው፣ ቃላቱ ወይም የፊደሉ ዓይነት ይለወጥ፤ የፊደሉ አካል ግን አይነካ። በክፍሉ መጨረሻ መደዳ የተቀመጠው ልጅ «አምበር» ተብሎ የተጻፈውን «አምበር» ብሎ እንዲያነብ የሚያስችለው ይህ ጥንቃቄ ነው።